የሰፈር መንገድ ማስጠገኛ መዋጮ፦ ማን ስንት ይክፈል?

ይህን የምጽፈው ከኡራኤል ጀርባ፣ ከሰንጋ ተራ ወደ ውስጥ፣ በልደታና በሜክሲኮ ጓሮ ባሉ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ለምትኖሩና ለምትነግዱ ነው። ዋናው መንገድ አምሮበታል። ከአስፋልቱ ታጥፋችሁ ወደ ቤት ስትገቡ ግን ኮብልስቶኑ ሰምጧል፣ ቦዩ ተደፍኗል፣ የማንሆሉ ክዳን የለም። የሰፈሩ ሰው ይሰበሰባል። ኮሚቴ ይመረጣል። «በየቤቱ እኩል እናዋጣ» ይባልና ካፌ ያለውም፣ ጡረታ የወጡት እማማም፣ በየቀኑ አይሱዙ የሚያራግፈው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴም እኩል ይጻፍባቸዋል። ሁለት ወር ይከፈላል። ከዚያ ይቆማል።

ብዙ ጊዜ የሚያስቆመው ክፍፍሉ ነው። ሰው ያለአግባብ ተጫነብኝ ብሎ ካሰበ እጁ አይፈታም፣ እውነቱንም ነው። ስለዚህ መዋጮውን በፍትሕ የማስላት አንድ ዘዴ ላሳያችሁ። መነሻው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ግቢ መንገዱ ላይ በሚያመጣው ምልልስና ክብደት ልክ ይክፈል። በአሜሪካ አንዳንድ ከተሞች ከ40 ዓመት በፊት ጀምሮ ሠርተውበታል። እኛም በእርሳስና በደብተር ልንሠራው እንችላለን።

«ግብር እየከፈልኩ ለምን ደግሜ?»

ስብሰባው ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፣ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሱን ሳትይዙ አትግቡ።

ባለይዞታ የሆነ ሰው የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር ይከፍላል። መነሻው የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ነው። የቤቱ ግብር የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ዋጋ ላይ ነው። በሊዝ የያዘ ደግሞ የሊዝ ክፍያ አለበት። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365 ወጥቷል፣ እሱም የሚያየው የንብረቱን ዋጋ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ወደ ከተማው ካዝና ገብቶ ከሌላው ገቢ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ ለትምህርት ቤቱም ለጤና ጣቢያውም ለመንገዱም በበጀት ይመደባል። እናንተ የከፈላችሁት ብር ከቤታችሁ ፊት ላለው ድንጋይ ይዋል የሚል ነገር የለም። ግብር እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ለሁሉም ነገር ነው።

መኪና ያለው ደግሞ በሁለት ሌላ በር ይከፍላል። አንዱ በየዓመቱ ቦሎ ሲያወጣ ነው። ሌላው ማደያ ላይ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ዋነኛ ገቢው ከነዳጅ ላይ እንዲሰበሰብ ተደርጎ ነው፤ ገንዘቡም ለነባር መንገዶች ጥገና የታሰበ ሲሆን ለፌዴራል፣ ለክልልና ለከተማ መንገዶች ይከፋፈላል። ይህ ከቤት ግብሩ ይልቅ ለእኛ ነገር ይቀርባል፣ ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላልና። ችግሩ ነዳጁ የተቃጠለው ቀለበት መንገድ ላይ ይሁን እናንተ ቅያስ ውስጥ ማደያው አያውቅም። በነዳጅ የማይሄደው የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ እዚያ በር ላይ ጨርሶ አይታይም፣ በከተማችን ቁጥሩ ደግሞ በየቀኑ ሲጨምር እያየን ነው።

ለእኛ ዘዴ በጣም የሚቀርበው ሁላችሁም የምታውቁት ነገር ነው፤ ከውሃ ቢል ጋር ተያይዞ የሚመጣው የደረቅ ቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ። ውሃ ብዙ የሚጠቀም ቤት ቆሻሻውም ብዙ ነው ተብሎ ተገምቶ ነው። ለአንድ የታወቀ አገልግሎት፣ በአጠቃቀም ልክ፣ በወር በወር። የመንገድ ክፍያም በዚህ መንገድ ሊታሰብ ይችላል።

ስለዚህ ለጠያቂው እንዲህ በሉት፦ ግብርህ መንገዱን በሙሉ አይተወውም፣ ዋናውን አስፋልት፣ ትልልቁን የውሃ ማፋሰሻ፣ የጎርፍ መስመሩን የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ይሠራዋል፣ እሱን መጠየቅ አናቆምም። ይህ መዋጮ ግን ከዚህ ቅያስ መግቢያ እስከ መጨረሻው ላለው ድንጋይና ቦይ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ አይሄድም። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሯት። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ሌሎች እንዴት ሠሩት፣ የት ወደቁ

በኮሎራዶ ግዛት ፎርት ኮሊንስ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 ለመንገድ ጥገና ክፍያ ጣለች። ስሌቷ ሁለት ነገር ያያል፦ ይዞታው መንገዱን የሚነካበት የፊት ስፋትና የይዞታው ሥራ የሚያመጣው የመኪና ምልልስ። ነዋሪ ከሰሳት። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ክፍያው ግብር አይደለም፣ ለተለየ አገልግሎት የሚከፈል ነው ብሎ አጸደቀላት። ግን አንድ ነገር ቆርጦ አወጣባት። ደንቧ የተረፈውን ገንዘብ ወደ ሌላ የከተማ ሥራ ማዛወር ይፈቅድ ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ይህ አይሆንም አለ። ለመንገድ ብላችሁ የሰበሰባችሁት ለመንገድ ነው።

በአይዳሆ ያለችው ፖካቴሎ ግን አልቀናትም። እሷም በምልልስ ልክ ነበር የምታስከፍለው፣ ሆኖም የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 መንገድ የሁሉም ሕዝብ ነው፣ ይህ በክፍያ ስም የመጣ ግብር ነው ብሎ ሻረው። በዊስኮንሲን ግዛት ቡካነን የምትባል ትንሽ አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2023 በተመሳሳይ መንገድ ተሸንፋለች። በኦሪገን ደግሞ ከላ ግራንድ ጀምሮ ብዙ ከተሞች አሁንም ያስከፍላሉ፣ አብዛኞቹ ከውሃና ፍሳሽ ቢል ጋር አድርገው።

ከዚህ ለእኛ የሚጠቅመን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ገንዘቡ ከሌላ ገንዘብ ጋር የተቀላቀለ ዕለት ክፍያነቱ ያበቃል። ሁለተኛ፣ እነዚህ ከተሞች ናቸው፣ ደንብ የማውጣት ሥልጣን አላቸው፣ እንደዚያም ሆኖ ፍርድ ቤት ቆመዋል። የሰፈር ኮሚቴ ማንንም የማስገደድ ሥልጣን የለውም። የእኛ መዋጮ በስምምነት የሚቆም ነው፣ ስለዚህ ስሌቱ ከፋዩን ማሳመን አለበት። ማስፈራሪያ፣ «ስምህን ወረዳ እናስተላልፋለን» ማለት፣ በር ላይ ቀለም መቀባት የመሳሰለውን ጨርሶ አታስቡት።

ቆጠራው

ቅያሱን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው በእግራችሁ ሂዱና እያንዳንዱን በር ጻፉ። መኖሪያ፣ ሱቅ፣ ካፌ፣ ክሊኒክ፣ ገስት ሃውስ፣ መጋዘን፣ ትምህርት ቤት። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት አባወራ ካለ ሦስት ብላችሁ ጻፉ።

ከዚያ ምልልስ ቁጠሩ። በአሜሪካ ኢንጂነሮች ለዚህ ትልቅ መጽሐፍ አላቸው፣ እያንዳንዱ ዓይነት ቤት በቀን ስንት ምልልስ እንደሚያመጣ የሚናገር። እዚያ አንድ ነጠላ መኖሪያ ቤት በቀን ከ9 እስከ 10 ጊዜ የመኪና መውጣትና መግባት ይቆጠርለታል። ይህን ቁጥር ወስዳችሁ እኛ ሰፈር ላይ እንዳትጠቀሙበት። እኛ ዘንድ ግማሹ ቤት መኪና የለውም፣ ሰው በታክሲ ነው የሚሄደው፣ ከታክሲው ወርዶ ቅያሱን በእግሩ ይገባል። የራሳችሁን ቁጠሩ።

አንድ ተራ ሳምንት ምረጡ። የበዓል ዋዜማ አይሁን፣ የጾም መግቢያና መፍቻ አይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆናችሁ ወርኃዊው በዓል የዋለበት ቀን አይሁን፤ ኡራኤል አካባቢ በ22 ብትቆጥሩ የምታገኙት የሰፈሩን ኑሮ አይደለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሁለት ተማሪ ወንበርና ደብተር ይዘው ይቀመጡ፣ ለድካማቸው ደግሞ ክፈሏቸው። መኪናው የት በር እንደገባ፣ አውቶሞቢል ይሁን ፒክአፕና ሚኒባስ፣ አይሱዙ ወይስ ሲኖትራክና ቦቴ፣ ይህን ብቻ ይጻፉ። ታርጋ አያስፈልግም፣ ታርጋ መጻፍ ሰውን ያስደነግጣል። ሌሊት የሚያራግፍ ካለ የሰፈሩን ጥበቃ ጠይቁ። ጥበቃው የማያውቀው ነገር የለም።

መሄድና መመለስን አንድ ምልልስ በሉት።

ክብደቱ ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ

ፍትሑም ጠቡም ያለው እዚህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ አጠገብ አሜሪካኖች የሙከራ መንገድ ሠርተው፣ ክብደታቸው የተለያየ መኪኖችን ቀን ከሌት እያመላለሱ መንገዱ እስኪበላሽ ጠበቁ። ያገኙት ነገር እስካሁን የመንገድ ኢንጂነሪንግ መሠረት ነው። በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን በሚይዘው ዘንግ) ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን መንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይሆናል። ክብደቱ 10 እጥፍ ከሆነ ጉዳቱ ወደ 10,000 እጥፍ ይደርሳል። ሙከራው በአስፋልትና በኮንክሪት ላይ ነበር፣ ኮብልስቶን ላይ ቁጥሩ እንዳለ ይሠራል አልልም፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ድንጋዩን የሚያሰምጠው ከባዱ ነው። የጎረቤታችሁ ቪትስ ዓመቱን ሙሉ ብትመላለስ አንድ ሲኖትራክ በአንድ ጠዋት የሚያደርሰውን አታደርስም።

በራሳችን ቋንቋ እናስላው። 10,000 ሊትር የያዘ የውሃ ቦቴ ውሃው ብቻ 10 ቶን ነው፣ መኪናው ራሱ ሳይቆጠር። ውሃ በፈረቃ በሆነበት ከተማ ገስት ሃውስም ሆቴልም ቦቴ ያስገባሉ፣ ወድደው አይደለም። ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ አሸዋ ይዞ ሲገባ አሸዋው ብቻ ከ20 ቶን ያልፋል። ኮብልስቶኑ ከሥሩ ያለው አሸዋና ገረጋንቲ ነው፤ ዝናብ አርሶት ይህ ክብደት ሲያርፍበት ይሸሻል፣ ድንጋዩ ይዘምማል፣ በዘመመው ውሃ ይገባል፣ ቀጥሎ የሚመጣው መኪና ይጨርሰዋል።

እንግዲህ በሳይንሱ ልክ እናስከፍል ብትሉ ነጋዴው ብቻውን መንገዱን ሊሠራ ነው፣ እማማ ሳንቲም ሊከፍሉ ነው። ይህ አያስኬድም። ደግሞም ብሎኬቱና ሲሚንቶው የሚመጣው ለእኛው ቤት ነው። ስለዚህ አለዝቡት። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ አውቶሞቢል 1፣ ፒክአፕና ሚኒባስ 2፣ አይሱዙ 10፣ ሲኖትራክና ቦቴ 30። ተከራክራችሁ ብትቀይሩት ችግር የለውም። ከባዱ ከቀላሉ ብዙ እጥፍ መሆኑ ብቻ አይጥፋ።

እያንዳንዱን ምልልስ በመኪናው ቁጥር አባዙ፣ ከዚያ የእያንዳንዱን በር የሳምንት ድምር ለ10 አካፍሉ። በላዩ ለሁሉም እኩል 1 ነጥብ ጨምሩ። ይህ አንድ ነጥብ መኪና የሌለውም ሰው በዚያው መንገድ ስለሚሄድ፣ ውሃውም በዚያው ቦይ ስለሚያልፍ ነው።

አንድ ቅያስ እናስላ

ለምሳሌ ያህል ነው፣ ቁጥሮቹን የሠራኋቸው ስሌቱን ለማሳየት ነው። ቅያሱ ውስጥ መኪና የሌላቸው 14 ቤቶች፣ አንዳንድ መኪና ያላቸው 10 ቤቶች፣ 4 ሱቆች፣ አንድ ካፌ፣ አንድ ገስት ሃውስ፣ አንድ ክሊኒክና አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አሉ እንበል። በጠቅላላ 32 ከፋይ። የዓመቱ ሥራ 120,000 ብር ይፈጃል።

በእኩል ብትካፈሉ እያንዳንዱ በዓመት 3,750 ብር ነው፣ በወር 312 ብር ከ50። መኪና የሌላት የቀበሌ ቤት ተከራይም፣ መደብሩም።

አሁን በነጥብ። መኪና የሌለው ቤት መነሻውን 1 ብቻ ይይዛል። መኪና ያለው በሳምንት 10 ያህል ምልልስ አለው፣ ለ10 ሲካፈል 1፣ ከመነሻው ጋር 2። ሱቅ በሳምንት አንድ ጊዜ የለስላሳ አይሱዙ ይመጣለታል፣ 10 ነው፣ እሱም 2 ነጥብ። ካፌው 40 የደንበኛ መኪናና 3 አይሱዙ አለው፣ 70፣ ስለዚህ 8 ነጥብ። ገስት ሃውሱ 60 መኪናና አንድ ቦቴ፣ 90፣ 10 ነጥብ። ክሊኒኩ 90 መኪናና 10 ፒክአፕ፣ 110፣ 12 ነጥብ። መደብሩ 15 አይሱዙና 4 ሲኖትራክ፣ 270፣ 28 ነጥብ።

ደምሩ። ቤቶቹ 14 እና 20፣ ሱቆቹ 8፣ ካፌው 8፣ ገስት ሃውሱ 10፣ ክሊኒኩ 12፣ መደብሩ 28። ልክ 100 ነጥብ። 120,000 ለ100 ሲካፈል አንድ ነጥብ በዓመት 1,200 ብር፣ በወር 100 ብር ይሆናል። እማማ በወር 100 ብር፣ ባለ መኪናው 200፣ ሱቁ 200፣ ካፌው 800፣ ገስት ሃውሱ 1,000፣ ክሊኒኩ 1,200፣ መደብሩ 2,800።

መደብሩ ላይ የተጫነው ብዙ ይመስላል። ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው ሄዳችሁ አናግሯቸው፣ ሰው ፊት አታስደንግጧቸው። ከሰፈሩ ሽማግሌ አንድ ይዛችሁ ሂዱ። «ጋሼ፣ እርስዎ ላይ የበዛው ቂም ይዘንብዎ አይደለም። ቆጠራው ይኸው፣ ይዩት። የተሳሳተ ካለ እናርማለን። መንገዱ ሲሰምጥ መጀመሪያ መግባት የሚያቅተው የእርስዎ መኪና ነው» በሏቸው። ደግሞ አማራጭ ስጧቸው። ጭነቱን ከሲኖትራክ ወደ አይሱዙ ቢያወርዱ፣ ወይም አስፋልቱ ዳር አራግፈው በጋሪ ቢያስገቡ ነጥባቸው ይወርዳል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። እኩል መዋጮ ማንንም ጠባዩን አያስለውጥም።

ማን ይክፈል፣ ማን ይተው

ባለቤት ወይስ ተከራይ? እኔ ተጠቃሚው እላለሁ። ግብር የባለይዞታው ነው፣ ይህ ግን የአጠቃቀም ክፍያ ነው፣ መንገዱ ላይ የሚመላለሰው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለው ነው። የውሃና የመብራት ቢል ማን እንደሚከፍል በውል እንደምትስማሙ ይህንም ተስማሙ። ባዶ የተቀመጠ ቤት መነሻውን 1 ነጥብ ባለቤቱ ይክፈል።

የቀበሌ ቤት ውስጥ ያሉ፣ ጡረተኞች፣ አቅም የሌላቸው እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። በቴክሳስ ያለችው ኦስቲን ከተማ ለመኪና አልባዎችና 65 ዓመት ለሞላቸው ነዋሪዎች ከመንገድ ክፍያዋ ነጻ የሚሆኑበትን መንገድ ሰጥታለች። እናንተም አድርጉት፣ ግን ስም እየጠራችሁ በስብሰባ አይሁን። ሁለት ሰው ብቻ ይወቀው። ማሟያውን ነጥቡ ላይ አስቀድማችሁ አስሉት፤ ከላይ ባለው ምሳሌ መኪና ከሌላቸው አምስት ቤት ነጻ ቢሆን 95 ነጥብ ይቀራል፣ የአንዱ ነጥብ ዋጋ በዓመት ወደ 1,263 ብር ገደማ ይወጣል፣ በወር 105 ብር አካባቢ። በአንድ ነጥብ የአምስት ብር ልዩነት ማንንም አያስኮርፍም።

መንገድ ዳር ጉሊት የሚሸጡ እናቶችን አታስከፍሉ። ዘንቢላቸው መንገዱን አይጎዳውም። ከነሱ የሚፈለገው ቦዩ ላይ እንዳይቀመጡና የተረፈውን ቅጠላ ቅጠል ወደ ቦዩ እንዳይጥሉ ነው፣ ይህንም በመልካም ቃል።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት ካለ ነገሩ ይለያል። በአሜሪካ ይህ ክፍያ ከተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱ ከንብረት ግብር ነጻ የሆኑ ተቋማት ጭምር የሚከፍሉት መሆኑ ነው፣ ምልልሳቸው ብዙ ነውና። እኛ ሰፈር ሰበካ ጉባኤን ብር ከመጠየቅ ሰው መጠየቅ ይሻላል። ቦይ የሚጠረግበት ዕለት ወጣቶቹ ቢወጡ ከማንኛውም ገንዘብ ይበልጣል። ትምህርት ቤት ግን የግል ከሆነ እንደማንኛውም ድርጅት ይቆጠር፤ የጠዋቱን የመኪና ሰልፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ቤት የሚሠራ ሰው ሲመጣስ? ለአንድ ዓመት ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት፣ አሸዋ ይገባል፣ ከዚያ ያበቃል። ለእሱ ወርኃዊ ነጥብ አትስሩ። ሥራው ሳይጀመር መንገዱን አብራችሁ ፎቶ አንሱ፣ መያዣ ገንዘብ ያስቀምጥ፣ ሲጨርስ መንገዱን ወደነበረበት ከመለሰ ይመለስለት። በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ

በኮሚቴው ሊቀመንበር የግል ሒሳብ አይሁን። ሰውየው መልአክ ቢሆንም አይሁን፣ ለእሱም ጥበቃ ነው። የተመዘገበ እድር ካላችሁ በእድሩ ስም ሌላ ሒሳብ ክፈቱ፣ ከቀብር ገንዘቡ ጋር ግን አይነካካ። እድር ከሌለ ወረዳውን የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቃችሁ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ አስከፍቱ። መዋጮው በባንክ ወይም በቴሌብር ይግባ፣ በእጅ የተቀበላችሁ ካለ ደረሰኝ ይቆረጥ።

በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ አውጡ። የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው። የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፉት፣ ስልክ ለማይጠቀሙት ደግሞ ሱቁ በር ላይ። የከፋይ ስም ዝርዝር አትለጥፉ። ያልከፈለ ሰው ችግር ይኖርበታል፣ በሩን አንኳኩታችሁ ጠይቁት።

ሥራው

ድንጋይ ከመንካታችሁ በፊት ወረዳ ሂዱ። የት እንደምታስነሱ ያሳውቋችሁ፤ ከሥር የውሃ መስመር፣ የቴሌ ፋይበር፣ የመብራት ኬብል ሊኖር ይችላል። አስፋልት የሆነ ነገር አትንኩ፣ የፍጥነት ማብረጃ በራሳችሁ አትሥሩ፣ በር ወይም ሰንሰለት አትዝጉ። መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ብታዋጡም የሕዝብ ነው።

ዋጋውን ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቡ፣ ከዚያ ነው የዓመቱን በጀት የምትወስኑት። በነጥብ የምትካፈሉት ይህንን ነው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። መጀመሪያ ቦይ። ያማረ ኮብልስቶን ቦዩ ከተደፈነ አንድ ክረምት አይሻገርም። ቦዩን በግንቦት አስጠርጉ፣ የወጣውን ደለል ደግሞ ዳር ላይ ቆልላችሁ አትተዉት፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል፣ በዚያው ቀን ይጫን። ከዚያ የጎደሉ ክዳኖች፣ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ከዚያ የጠርዝ ድንጋዩ፣ እሱ ከላላ መሐል ያለው ሁሉ ወደ ጎን ይሄዳል። የሰመጠው ቦታ መጨረሻ ላይ ነው። ሲጠገን ድንጋዩ ተነሥቶ ከሥሩ ያለው እንደገና መጠቅጠቅ አለበት። ከላይ ሲሚንቶ አፍስሰው «ጨርሰናል» ካሏችሁ አትክፈሉ፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ለሚጠግነውም ድንጋዩን ያበላሽበታል።

ውሃ ወይም ቴሌ ሊቆፍር ሲመጣ አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም። መልካም ጠባይ ይዛችሁ ሻይ አቅርቡላቸው፣ ድንጋዩን ግን ቆጥራችሁ አንድ ግቢ ውስጥ አስገቡት። ሜዳ ላይ ያደረ ኮብልስቶን ጠዋት አይገኝም። ሥራውን ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ መቼ መልሶ እንደሚያነጥፈው ጠይቃችሁ ጻፉ፣ ካልመለሰ በጽሑፍ ለሚመለከተው አካል አመልክቱ፣ ቅጂውንም ያዙ። የሌላ ቁፋሮ ከእናንተ መዋጮ መጠገን የለበትም።

ቆጠራውን በየዓመቱ ድገሙት። ካፌው ይዘጋል፣ መኖሪያ የነበረው መጋዘን ይሆናል፣ አንዱ መኪናውን ይሸጣል። አዲሱን ነጥብ ከሐምሌ 1 በፊት አሳውቁ፣ ቅሬታ ያለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያቅርብ፣ ለዚያ በር ብቻ እንደገና ይቆጠርለት። ዓመቱ አልቆ የተረፈ ብር ካለ ለበዓል በሬ አይዋል፣ ለሌላ ቅያስም አይበደር። መለዋወጫ ድንጋይና ሁለት የማንሆል ክዳን ግዙበትና ቁልፍ ባለው ግቢ አስቀምጡት፣ ስንት እንደሆነም በሦስት ወሩ ሪፖርት ላይ ይጻፍ።